የአዮዋ ኦፌንስ፦ ከብራያን ፌሬንትዝ ቀጥሎ ማን ይምጣ?

ጥቁርና_ወርቅ (ዲሞይን) · ጃንዋሪ 2፣ 2024

እንኳን ለፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አደረሳችሁ። የእኛ የሀውክአይ፣ ማለትም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች፣ ዓመት በ35 ለ0 ሽንፈት ተጀምሯል። ትናንት ሲትረስ ቦውል በሚባለው የሲዝን መዝጊያ ጨዋታ ላይ ቴነሲ እንዳደረገን አደረገን።

ዘንድሮ ባዶ ስንወጣ ሦስተኛችን ነው። ፔን ስቴት 31 ለ0፣ ለቢግ ቴን (ለኮንፈረንሳችን፣ ማለትም ለሊጋችን) ዋንጫ ሚሺጋን 26 ለ0፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ግን እኮ 10 ጨዋታ አሸንፈናል! 10 ጨዋታ አሸንፎ በኦፌንስ (በአጥቂው ክፍል) ያርድ ከአገሩ ሁሉ መጨረሻ የወጣ ሌላ ቡድን ካለ አሳዩኝ። በጨዋታ በአማካይ 15.4 ነጥብ ነው ያስቆጠርነው።

ብራያን ትናንት የመጨረሻ ጨዋታውን ጨርሷል። የኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተሩ ወንበር ክፍት ነው። ማን ይምጣ? «ማንም ይምጣ ብቻ» የሚል መልስ አልቀበልም። ከነምክንያቱ ጻፉ።

የአሳማው_ባለቤት (ሴንት ፖል)

ለምን ይቀየራል? ውል አድሱለት እንጂ! እኛ ሚኒሶታዎች እንዲቆይ ፊርማ እያሰባሰብን ነው።

በነገራችን ላይ አሳማው ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል።

ጥቁርና_ወርቅ

አንተ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ አሳማውን በፎቶ ብቻ ስታይ ከርመህ፣ ዳኛ ሲሰጥህ አፍ አወጣህ። የእኛው ኩፐር ዲጂን ኳሱን ይዞ እስከ መጨረሻው ሮጦ አስገብቷል። ግራ እጁን አወዛወዘ ብለው ሻሩት። 12 ለ10! እስኪ አሁን ይሄም ድል ተብሎ ይወራል?

አዲስ_ገቢ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ ወንድሜ አዮዋ ሲቲ ስለሚማር ነው የምከታተለው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተር ማለት ዋናው አሰልጣኝ አይደለም እንዴ? ደሞ አሳማው ምንድን ነው?

ጋሽ_ሞላ (ሲዳር ራፒድስ)

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ዋናው አሰልጣኝ ኪርክ ፌሬንትዝ ናቸው፣ ከ1999 ጀምሮ። እኔ ከሳቸው በፊት የነበሩትን ሄይደን ፍራይንም አይቻለሁ፣ ዕድሜዬን ከዚህ ገምት።

በእኛ እግር ኳስ አሰልጣኙ ዳር ቆሞ ይጮኻል፣ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ የመሰለውን ያደርጋል። እዚህ ግን ከያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጨዋታው ይቆማል። ኦፌንሱ በአንድ ጨዋታ 60 እና 70 ጊዜ ይሰለፋል። ሁልጊዜ «አሁን ማን ይሩጥ፣ ለማን ይወርወር» ብሎ የሚመርጠው ኦሲው (ኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተሩ) ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተጋጣሚን ቪዲዮ ሲያይ ከርሞ፣ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዞ ይመርጣል። ከተሳካ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ይመሰገናል። ካልተሳካ ሰባ ሺህ ሕዝብ እሱን ይሰድባል።

የአሳማው ነገር ደግሞ ታሪክ አለው። በ1934 አዮዋ ኦዚ ሲመንስ የሚባል ጥቁር ሯጭ ነበራት። በዚያ ዘመን በትልልቆቹ ቡድኖች ጥቁር ተጫዋች በጣት የሚቆጠር ነው። ሚኒሶታዎች እየደጋገሙ ደበደቡት፣ ተጎድቶ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው አዮዋ ላይ ሲሆን የአዮዋው ገዥ ክላይድ ሄሪንግ፣ ይሄ ከተደገመ ሕዝቡ ዝም አይልም የሚል ነገር ተናገሩ። ነገሩ ሊከር ሲል የሚኒሶታው ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን «ባይሆን በአሳማ እንወራረድ» አሉ። ሚኒሶታ አሸነፈ። ሄሪንግም አሳማውን ከነነፍሱ የኦልሰን ቢሮ ድረስ ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የነሐስ ምስሉ ዋንጫ ሆኖ ይዞራል፤ ፍሎይድ ኦቭ ሮዝዴል ይባላል። ሐበሻ ሆነን በአሳማ መጣላታችን ይገርመኛል፣ ግን በየዓመቱ እንጣላለን።

አንድ ነገር ረሳሁ። ብራያን የኪርክ ልጅ ነው።

አዲስ_ገቢ

አባት ልጁን ቀጥሮ? ይሄ ነገር እኛ ጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሸገር_ቦይ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

ታይት_ኤንድ_ዩ (አይምስ፣ ግን የሀውክአይ ደጋፊ)

በወረቀት ላይ አባቱ አለቃው አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ዘመድ ዘመዱን በቀጥታ እንዲቆጣጠር አይፈቅድም። ስለዚህ ብራያን ተጠሪነቱ ለአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ለጋሪ ባርታ ነበር። ቢሮው ከአባቱ ጋር፣ ስብሰባው ከአባቱ ጋር፣ ግምገማው ግን ከሌላ ሰው ጋር።

ከዚያ የ2022ቱ ጉድ መጣ። በአማካይ 17.7 ነጥብ። ሕዝቡ ሲጮኽ ባርታ በ2023 መጀመሪያ ውሉን አሻሻለ። ደመወዙ ከ900 ሺህ ወደ 850 ሺህ ዶላር ወረደ። እንዲቀጥል ደግሞ ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ማስቆጠርና ቢያንስ 7 ጨዋታ ማሸነፍ አለበት ተባለ። ልብ በሉ፣ ዲፌንሱ (ተከላካዩ ክፍል) ጠልፎ ያስገባውም ይቆጠርለታል! እንደዚያም ሆኖ አልደረሰም።

ባርታ በበጋው ጡረታ ወጣ። እሱን የተካችው ቤዝ ጌትዝ ኦክቶበር 30 ላይ፣ ገና ሲዝኑ ሳያልቅ፣ ብራያን ከዚህ ዓመት በኋላ እንደማይቀጥል አሳወቀች። አባትየው በጊዜው አልተደሰቱም፣ በግልጽም ተናግረዋል። እኔ ግን ትክክል አደረገች እላለሁ። ኖቬምበርንና ዲሴምበርን ለፍለጋ ሰጠቻቸው።

አሁን ጥያቄዬ፦ በሁለቱ ወር ምን ተሠራ? የካንሳስን ኦፌንስ እንደዚያ ያሳመረው አንዲ ኮቴልኒኪ ዲሴምበር ላይ ፔን ስቴት ወሰደው። ሌሎቹ ሲገበዩ እኛ ገበያውን በሩቅ እያየን ነው።

የኮራልቪሏ

ሁሉንም ብራያን ላይ አትከምሩ። ቲ ጄ ሃከንሰንና ኖዋ ፋንት በአንድ ዓመት ለኤንኤፍኤል (ለፕሮፌሽናሉ ሊግ) በአንደኛ ዙር ሲመረጡ ኦሲው ማን ነበር? ሳም ላፖርታ ዘንድሮ ዲትሮይት ላይ የሚሠራውን ተአምርስ ከየት ተማረው?

ዘንድሮ ደግሞ ኳርተርባካችን ኬድ መክናማራ ገና በሴፕቴምበር ጉልበቱን ተጎዳ። ሉክ ላሼይ ተጎዳ። ኤሪክ ኦል ተጎዳ። ዲኮን ሂል ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ነው ሲዝኑን የጨረሰው፣ ከወረወራቸው ግማሹ እንኳ አልተያዘም። ማን ቢሆን ምን ያደርጋል?

ይውረድ አይውረድ ሌላ ነገር ነው። መውረድ ነበረበት። ግን ሰውየውን መሳለቂያ ማድረጉ ይብቃን።

የአሳማው_ባለቤት

የ2022ቱን የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ጨዋታ እስኪ ለአዲስ አበባው ልጅ ንገሩት።

የኮራልቪሏ

ነበርኩ። እነግረዋለሁ።

7 ለ3 አሸነፍን። ሰው 7 ሲሰማ አንድ ታችዳውን (ኳሱን ጎል ክልል ማስገባት፣ 6 ነጥብ) እና አንድ ተጨማሪ ነጥብ ይመስለዋል። አይደለም። በእግር የተመታ አንድ ፊልድ ጎል አለ፣ 3። ቀሪው አራቱ ሁለት ሴፍቲ ነው። ማለትም ዲፌንሱ ሁለት ጊዜ ተጋጣሚውን የራሱ ጎል ክልል ውስጥ ጣለው፣ በየጊዜው 2 ነጥብ። ኦፌንሳችን ታችዳውን ሳያስገባ ሳውዝ ዳኮታዎች ተሸነፉ ተባሉ፣ እነሱም ግራ ገብቷቸው ወጡ። ከጎኔ የነበሩ አዛውንት ከሁለተኛው ሴፍቲ በኋላ ተነስተው «ዲፌንሱን ብቻ አሰልፉት!» ሲሉ በዙሪያችን ያለው ሁሉ ሳቀ። ቀልዳቸውን አልነበረም ግን።

አዲስ_ገቢ

ሳይገባኝ አዘንኩላችሁ።

ጥቁርና_ወርቅ

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ስም ጥሩ። ፖል ክርስት ሲባል እሰማለሁ። ዊስኮንሲን ዋና አሰልጣኝ የነበረው፣ ዘንድሮ ቴክሳስ በአማካሪነት ያለው። እኔ እሱን እደግፋለሁ። ቢግ ቴንን ያውቃል፣ በብርድ ማሸነፍ ያውቃል፣ ከኪርክ ጋር ቋንቋቸው አንድ ነው።

ሸገር_ቦይ

ቋንቋቸው አንድ መሆኑ እኮ ነው ችግሩ። ክርስት ከመጣ ያው ሩጫ፣ ሩጫ፣ ከዚያ አጭር ውርወራ፣ ከዚያ ፐንት (ኳሱን በእግር መትቶ ለተጋጣሚ መስጠት)። ከቴክሳስ ወይ ከኦክላሆማ በኩል አንድ ወጣት አምጡ። አራት ተቀባይ በሜዳው ስፋት ይበትን። እኛ ሜሪላንዶች ቢያንስ ስንሸነፍም ሰው እየተዝናና ነው።

ታይት_ኤንድ_ዩ

ሸገር፣ አንተ የምትለው ሰው መጥቶ ነበር እኮ። ግሬግ ዴቪስን አስታውስ። ቴክሳስ በ2005 ከቪንስ ያንግ ጋር የአገሪቱን ዋንጫ ሲወስድ ኦሲው እሱ ነበር። በ2012 ወደ እኛ መጣ። የመጀመሪያ ዓመቱ 4 ድል 8 ሽንፈት። ኳሱን ወደ ጎን ሲያስወረውረን ከረመ። እርግጥ በ2015 መደበኛውን ሲዝን 12 ለ0 ጨርሰናል፣ ግን ያንንም ያደረግነው በዲፌንስና በሩጫ ነው። እንደ ቴክሳስ መስለን አናውቅም።

በ25 ዓመት ውስጥ ሦስት ኦሲ ብቻ ነው የነበረን፦ ኬን ኦኪፍ፣ ዴቪስ፣ ብራያን። ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሜዳ ላይ የታየው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጓዳው ውስጥ ሽሮ ብቻ እያለ ወጥ ሠሪ ብትቀያይር ያው ሽሮ ነው የምትበላው።

ስለዚህ የእኔ መልስ ስም አይደለም። የሚመጣው ሰው ከመፈረሙ በፊት ኪርክን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አራተኛ ሙከራ ላይ (10 ያርድ ለመሄድ ያለን የመጨረሻ ዕድል ነው) አንድ ያርድ ሲቀር፣ ሜዳው መሃል ላይ ሆነን፣ እንሞክር ወይስ ፐንት እንምታ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? መልሱ «እኔ» ከሆነ ስሙ ክርስት ሆነ ሌላ ለውጥ የለውም።

ጋሽ_ሞላ

ልጄ፣ ኪርክን እንዲህ አታቅልላቸው። ስሌት አላቸው። ቶሪ ቴይለር የሚባል ከሜልበርን የመጣ አውስትራሊያዊ ረጋጭ አለን። ዘንድሮ 93 ጊዜ መትቶ 4,479 ያርድ፤ በአንድ ሲዝን የኮሌጅ ሪከርድ ነው። ተጋጣሚ ሁልጊዜ ከራሱ ጥግ ይነሳል። ከዚያ የፊል ፓርከር ዲፌንስ ያንቀዋል። ፓርከር የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ ብሮይልስን ወስዷል። በዚህ መንገድ 10 ጨዋታ ማሸነፍ ይቻላል? አሸነፍንበት እኮ።

ታይት_ኤንድ_ዩ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን 93 ፐንት የኩራት ቁጥር አይደለም።

አንዱን እንይ። ሦስተኛ ሙከራ፣ 8 ያርድ ይቀራል። ሁሉም ሰው ውርወራ እንደሚመጣ ያውቃል። ሂል ኳሱን ተቀብሎ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ሁለቱ ተቀባዮች 4 ያርድ ሮጠው ወደሱ ይዞራሉ። አራት! ስምንት ሲያስፈልግ። ይወረውራል፣ ተቀባዩ ይይዛል፣ ወዲያው ከኋላ ተጠምጥመው ይጥሉታል። ቴይለር ሄልሜቱን እያጠለቀ ይገባል። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ለማን? ለፐንቱ!

ያ አቅም ማነስ ብቻ አይደለም። ተቀባዮቹ እዚያ እንዲቆሙ ወረቀቱ ላይ ተስሏል።

ሌላ ነገር። ከዚህ በኋላ ዌስት ዲቪዥን (የቢግ ቴን ምዕራብ ምድብ) የለም። ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሬገን፣ ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን እየገቡ ነው። በ15 ነጥብ ኖርዝዌስተርንን 10 ለ7፣ ኔብራስካን 13 ለ10 እያሉ ኢንዲያናፖሊስ፣ ለቢግ ቴን ዋንጫ ጨዋታ፣ የሚደረስበት ዘመን አለፈ። በሚቀጥለው መኸር ኦሃዮ ስቴት ሜዳ ድረስ እንሄዳለን፣ ዋሽንግተን ይመጣል።

የኮራልቪሏ

የተቀባዮቹን ነገር ማንም አላነሳም። ቻርሊ ጆንስ እኛ ጋ በነበረበት ጊዜ በዋናነት የምናውቀው ፐንት ሲመልስ ነው። በ2022 ፐርዱ ሄደ፣ በአንድ ዓመት 110 ኳስ ያዘ፣ 1,361 ያርድ። እዚያው ኮንፈረንስ ውስጥ! ኪገን ጆንሰን ካንሳስ ስቴት ሄደ። አርላንድ ብሩስ ኦክላሆማ ስቴት። አሁን ትራንስፈር ፖርታል (ቡድን መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች መዝገብ) ላይ ያለ ጎበዝ ልጅ ስልክ ስንደውልለት ምን ብሎ ያነሳል?

አዲሱ ሰው መጀመሪያ ሻጭ መሆን አለበት። የጨዋታ ስዕሉ ቀጥሎ ይመጣል።

ጥቁርና_ወርቅ

ኳርተርባክ ማሠልጠንም ይወቅ። ብራያን ራሱ የተጫወተው ኦፌንሲቭ ላይን (ከፊት ሆኖ ተከላካይ የሚገፋው መስመር) ነው። ከ2022 ጀምሮ ግን ኳርተርባኮቹን የሚያሠለጥነውም እሱ ነበር። ይሄ ለሱም ለልጆቹም ፍርደ ገምድልነት ነው።

[አወያይ] ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የተጻፉ ሁለት መልሶች ተነስተዋል። ስለ ዘመድ አዝማድ ሹመት ማውራት የፈለገ ሌላ ክፍል አለ። እዚህ ስለ አዮዋ ብቻ።

የአሳማው_ባለቤት · ጃንዋሪ 7

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ጾሙም አልቋል፣ የእናንተ ኦፌንስ ግን ገና ጾም ላይ ነው።

ጥቁርና_ወርቅ

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ዛሬ ብቻ አልፌሃለሁ።

ሸገር_ቦይ · ጃንዋሪ 16

ሁለት ሳምንት ሆነ። ምንም የለም? ከውስጥ ጆን ባድማየርን ያሳድጉታል የሚል ነገር እያነበብኩ ነው። ከውስጥ ማሳደግ ማለት በአዮዋ አማርኛ «ምንም አልተቀየረም» ማለት ነው።

ጋሽ_ሞላ

ሰውየው 68 ዓመታቸው ነው፣ አይቸኩሉም። አስቸኩላቸው ብትለኝ አላውቅበትም።

ጥቁርና_ወርቅ · ፌብሩዋሪ 1

ተለየ። ቲም ሌስተር! ዌስተርን ሚሺጋንን ከ2017 እስከ 2022 ያሠለጠነው። ዘንድሮ ኤንኤፍኤል ላይ ግሪን ቤይ ፓከርስ ውስጥ አናሊስት ነበር።

ክርስትን ስጠብቅ ነበር። እስኪ አስረዱኝ፣ ልደሰት ወይስ ልናደድ?

የአሳማው_ባለቤት

37 ድል 32 ሽንፈት፣ ተባርሮ የወጣ ሰው። ደስ ይበልህ ወንድሜ፣ እኛም ደስ ብሎናል።

ታይት_ኤንድ_ዩ

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ጨዋታዎቹን አይተሃል? በ2021 ፒትስበርግን ከነኬኒ ፒኬት፣ በሜዳቸው፣ 44 ለ41 አሸንፏል። ያ ፒት በዚያው ዓመት የኤሲሲን (የሌላውን ትልቅ ኮንፈረንስ) ዋንጫ የወሰደው ቡድን ነው። ዲዌይን ኤስክሪጅና ስካይ ሙር የሚባሉ ሁለት ተቀባዮቹ በተከታታይ ዓመት በሁለተኛ ዙር ኤንኤፍኤል ገብተዋል። ከካላማዙ፣ ከዌስተርን ሚሺጋን ከተማ! እኛ ተቀባይ በዚያ ዙር ያስመረጥንበትን ጊዜ ጋሼ ካላስታወሱን እኔ አላስታውስም። የኮራልቪሏ፣ ሻጭ ብለሽ ነበር፤ ይኸው የሚሸጠው ነገር ያለው ሰው።

ራሱ ኳርተርባክ ነበር፣ እዚያው ዌስተርን ሚሺጋን። የጥቁርና ወርቅም ጥያቄ ተመለሰ።

በጣም ደስ ያለኝ ግን ግሪን ቤይ ነው። ኪርክ የሚወዱት ሩጫ ወደ ጎን የሚለጠጠው ነው፣ አውትሳይድ ዞን። ላይኑ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይንቀሳቀሳል፣ ሯጩ ቀዳዳ እስኪያይ ይጠብቃል። አሰልጣኙ ማት ላፍለር ፓከርስ ላይ የሚሠራውም መሠረቱ ይሄው ሩጫ ነው። ልዩነቱ እነሱ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ተጫዋች ያንቀሳቅሳሉ፣ ተከላካዩን ያደናግራሉ፣ ያንኑ ሩጫ አስመስለው ይወረውራሉ። ስለዚህ ሌስተር ለሽማግሌው «የእርስዎን ሩጫ አልነካም» ብሎ ሌላውን ሁሉ ሊቀይር ይችላል። ክርስት ይሄን አያደርግም ነበር፣ ከኦክላሆማ የሚመጣው ወጣት ደግሞ ኪርክ አይሰሙትም ነበር።

የኮራልቪሏ

የኪርክን ፈቃድ በጎን በር ማግኘት ማለት ነው። ብልህ ነው። ግን አሁንም ያ የአራተኛ ሙከራ ጥያቄህ አልተመለሰም።

ታይት_ኤንድ_ዩ

አልተመለሰም። ኪርክ ናቸው የሚወስኑት፣ ይሄን እንርሳው። እኔ የማየው ሌላ ሁለት ነገር ነው። ኦገስት 31 ከኢሊኖይ ስቴት ጋር ስንጫወት በመጀመሪያው ኳርተር ኳሱ ሳይነሳ ስንት ጊዜ ተጫዋች እንደሚንቀሳቀስ እቆጥራለሁ። ሦስተኛ ሙከራ ላይ 8 ሲቀር ተቀባዮቹ ስንት ያርድ ላይ እንደሚዞሩ እቆጥራለሁ።

ጋሽ_ሞላ

እኔ ነጥቡን እቆጥራለሁ።

የአሳማው_ባለቤት

ሴፕቴምበር 21 ሚኒያፖሊስ ነው፣ አትርሱ። ትኬት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የእንግዳ ደጋፊ ወንበሩ ከላይ ነው፣ ደረጃው ይበዛል፣ ጋሼ ጉልበትዎን ይጠብቁ።

አዲስ_ገቢ

ወንድሜን ጠየቅኩት። «ሌስተር ማነው?» አለኝ። ለካ እሱ የሚከታተለው ባስኬትቦሉን፣ ኬትሊን ክላርክን ነው።